የማጠፊያው ጠረጴዛ ጉዳይ ፈጻሚ

እ.ኤ.አ. በ1985 የካቲት ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለ የሳንቲም ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ከረባት ያሰሩ ነጭ ሽማግሌ የሰው አንሶላ ሲያጥፉ አየሁ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ከረባት ያሰረ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። አክስቴ እጅጋየሁ ከረጢቷን መሬት ላይ ስታሳርፍ ሽማግሌው ቀና አሉና፣ የድሮ ሹማምንት በሬዲዮ ይናገሩት በነበረው አማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣

"እንደምን ዋላችሁ? ሦስተኛው መኪና ዛሬ ሕመም ላይ ነው፤ አራተኛውን እንድትጠቀሙ በትሕትና እለምናለሁ" አሉን።

እኔ የሳሙናውን ቆርቆሮ ጣልኩት። አክስቴ ግን ፈረንጅ በእንዲህ ያለ አማርኛ ሲያናግራት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ይመስል፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?" ብላ ወደ አራተኛው ማሽን ሄደች።

ስማቸው ኒሲም አልካላይ ነው። የቡልጋሪያ አይሁድ ናቸው። ማጠቢያ ቤቱ የአስመራው ሰው የአቶ ዘርኡ ነው፤ አቶ ዘርኡ ሽማግሌውን የቀጠሯቸው፣ በራሳቸው አነጋገር፣ "ከእኔም ካንተም የተሻለ አማርኛ ስለሚያውቁ" ነበር። እሑድ እሑድ ግማሹ ደንበኛ የእኛ ሰው ነው፤ ታክሲ ነጂው፣ አስታማሚዋ፣ ፓርኪንግ ጠባቂው። ሁሉም ሽማግሌውን "አምባሳደሩ" ይላቸዋል። እሳቸውም ሳይሰለቹ ያርማሉ፤

"አምባሳደር አልነበርኩም። ጉዳይ ፈጻሚ ነበርኩ። አምባሳደር ሲታመም ወይም ሲያኮርፍ ወንበሩን የሚያሞቅ ሰው ማለት ነው።"

ስለ እሳቸው የምጽፈው ትልቅ ሰው ስለነበሩ አይደለም። ዓለም ስማቸውን አያውቅም። የምጽፈው ለአክስቴ ስላደረጉላት ነገር ነው፤ አሁንም ሳስበው ምስጋናዬን የት እንደማኖረው ግራ ይገባኛል።

አክስቴ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከአዲስ አበባ በጅቡቲ ወጥታ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች አሳዳጊ ሆና አሜሪካ ገብታ፣ ቪዛዋ ሲያልቅ ጥገኝነት ጠየቀች። ሳን ሊያንድሮ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የስምንት ዓመት ልጇ ሀረገወይን አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ቀርታለች። ጥገኝነቱ ከተፈቀደ ልጅቷን ማስመጣት ይቻላል። ካልተፈቀደ አክስቴ ራሷ ትመለሳለች፤ የምትመለሰውም እሷን አስረዋት ወደነበሩት ሰዎች ነው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በመጋቢት፣ ሳን ሆሴ ከተማ ተደረገ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሳን ሆሴ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ግጥም እጽፋለሁ፤ ቃል በቃል በመተርጎም የሚበልጠኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ኦፊሰሯ ቀይ ሹራብ የወንበሯ መደገፊያ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ በጉንፋን የታፈነ ሴት ናት።

"እስር ቤት ውስጥ ምን ደረሰብሽ?" ስትል ጠየቀች።

ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አነባበረችና ፈገግ አለች።

"ኧረ ምንም አልሆንኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይልቅ እሷ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፤ ተሻላት ወይ በላት።"

ተረጎምኩት። አንድም ቃል አላጎደልኩም፤ ጉንፋኑንም ጭምር።  ኦፊሰሯ ፊቷ ያለውን ወረቀት ገለጠች።

"እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓመት ትልቁ እስር ቤት እንደታሰርሽ፣ በኤሌክትሪክ እንዳሰቃዩሽ፣ በሱዳን በኩል በእግርሽ እንደወጣሽ ተጽፏል።"

አክስቴ ይህን ስተረጉምላት ወደ እኔ ዞራ፣ "ማን ነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ።

ያለው ባዩ ነው። ባዩ የታክሲ ነጂ ነው፤ ሰው የሚወድ፣ ሳቂታ፣ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ያለው። የእሱ ጽሑፍ ሦስት ሰው አሳልፏል፤ ሁለት ኦክላንድ፣ አንድ ሳን ሆሴ። ስለዚህ ያቺን ጽሑፍ እንደ ሠርግ ልብስ ለሚቀጥለው ሰው ያውሳታል፤ ስሙን ብቻ እየቀየረ። በቸርነት ነው የሚያደርገው። "ይኼ ኬዝ ሞክረነዋል፤ ይሠራል፤ ያንቺ ኬዝ ግን ዊክ ነው፣ አያሳልፍም" ብሏት ነበር። እሷም እንግሊዝኛው ውስጥ የራሷ ታሪክ ያለ መስሏት ፈረመች።

ኦፊሰሯ ወረቀቱን ዘጋችው። "ስድስት ሳምንት እሰጣችኋለሁ። እውነተኛውን ጽፋችሁ፣ ሌላ አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ። ያለዚያ ፋይሉን እዘጋዋለሁ" አለች። ክፉ አልነበረችም። ስንወጣ አክስቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

የሚቀጥለው እሑድ አክስቴ ሥራ ገብታ ስለነበር ልብሷን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ለምን ለሽማግሌው እንደነገርኳቸው አላውቅም። ምናልባት ሰው ሲያወራ ዓይን ዓይኑን ስለማያዩ ይሆናል፤ ጨርቁን ነው የሚያዩት።

"እኔ ነኝ የገደልኳት። ያለችውን ቃል በቃል ተረጎምኩ" አልኳቸው።

"እኔም አንድ ጊዜ ቃል በቃል ተርጉሜ ነበር" አሉ፤ ፎጣውን በአገጫቸው ይዘው ለሁለት እየከፈሉ። "አዲስ አበባ ነው። የቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ ልናቋቁም ውል አቅርበናል። አንድ ክቡር የመሥሪያ ቤት ሹም፣ 'እሺ፣ በደስታ፣ ነገ' አሉኝ። እኔ ለዋና ከተማችን ለሶፊያ 'ተስማምተዋል፣ ነገ ይፈረማል' ብዬ ቴሌግራም ላክሁ። ስድስት መሐንዲሶች በአውሮፕላን መጡ። ሃያ ስድስት ቀን ሆቴል ቁጭ አሉ። ሹሙ በየቀኑ ምሳ ይጋብዙናል፤ በየቀኑ 'እሺ፣ ነገ' ይላሉ። አንዱ መሐንዲስ በመጨረሻ ሲያለቅስ አገኘሁት።"

"ውሉስ?"

"ቲማቲሙ እስካሁን አልታሸገም።" ከዚያ ፎጣውን አስቀመጡ። "ያ ሰው አልዋሸኝም። ጨዋ ሰው እንግዳ ፊት እንቢ አይልም፤ እኔ ነበርኩ ይህን ማወቅ የነበረብኝ። አክስትዎም አልዋሹም። ጨዋ ሰው ባዕድ ፊት ተቀምጦ በደሉን አይዘረዝርም፤ መጀመሪያ ያመሰግናል። ያቺ ኦፊሰር ደግሞ ምስጋናውን መልስ ነው ብላ ጻፈችው። ሦስት እሑድ ስጡኝ። ጥያቄ አልጠይቃቸውም። እናጥፋለን።"

በመጀመሪያው እሑድ አክስቴ መጣች። ሁለቱ የአንሶላውን ጫፍ ጫፍ ይዘው ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ። የዝምታ እስክስታ ይመስላል። ስለ ሥራዋ ትንሽ አወራች፤ መጦሪያው ውስጥ ስላሉ አንዲት ሴትዮ፣ በየጠዋቱ ለሞተው ባላቸው ቁርስ ስለሚያዝዙ። ሽማግሌው "ታዲያ ያዘዙለትን ማን ይበላዋል?" ሲሉ፣ አክስቴ "እኔ!" ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

በዚህ መሐል ባዩ የልብስ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ።

"እጅጌ! አምባሳደራችን ያዙሽ እንዴ? ጠንቀቅ በይ፤ እኚህ ሰውዬ ድሮ ጓድ እንደነበሩ ነግረውሻል? የኮሚኒስት ፓርላማ ውስጥ ቁጭ ብለው እጅ ሲያወጡ የነበሩ ናቸው እኮ! አይደል ጋሽ ኒሲም?"

ለቀልድ ነው ያለው። ግን አንሶላው አክስቴ እጅ ላይ ቆመ።

"እውነት ነው?" አለች።

"እውነት ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት" አሉ ሽማግሌው።

አክስቴ የአንሶላዋን ጫፍ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሷ ልብስ ማሽኑ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ጥላው ወጣች። ታናሽ ወንድሟን ተክለጻድቅን፣ አጎቴን፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ የወሰዱት ሰዎች እርስ በርሳቸው "ጓድ" ይባባሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በተነሣበት ቤት አትቀመጥም።

ባዩ ተደናግጦ፣ "ምን አልኩ አሁን? ጆክ እኮ ነው" አለኝ። ልብሷን ልወስድ ማምሻውን ስመለስ ደርቆ፣ ታጥፎ፣ በወረቀት ታስሮ ጠበቀኝ። ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ በተጻፉ የአማርኛ ፊደላት እንዲህ ይላል፤ "ክብርት ወይዘሮ እጅጋየሁ፤ ልብስዎ ደርቋል። ጥያቄ ካለዎት እመልሳለሁ። እሑድ በእርስዎ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት።"

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አላነሳችውም። እሑድ ስምንት ሰዓት ካሥር ሲል ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

"ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፤ ልብስ አላመጣሁም።"

"ይጠይቁ። ግን እያጠፍኩ ልመልስ። እጄ ባዶ ሲሆን እዋሻለሁ።"

"ለምን ገቡበት?"

ስለዚህ የኒሲም አልካላይን ታሪክ የሰማሁት በአክስቴ መርማሪነት ነው። ቪዲን በምትባል የዳኑብ ወንዝ ዳር ከተማ፣ በ1912፣ ከቆርቆሮ ሠሪ ቤት ተወለዱ። "አባቴን ሁሉም 'አንተ አይሁድ' ይሉት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሰው ሱቃችን ገብቶ አባቴን 'ጓድ አልካላይ' አለው። አባቴ ዞሮ ኋላውን አየ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎት። እኔ በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ።" በጦርነቱ ጊዜ ከአይሁድ ወጣቶች ጋር የግዳጅ ሥራ ቡድን ውስጥ ድንጋይ ፈልጠው መንገድ ሠሩ፤ ከዚያ አምልጠው ጫካ ገቡ። ጦርነቱ ሲያልቅ የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ።

"ሰው ገድለዋል?"

"በጦርነት ተኩሻለሁ። ከዚያ በኋላ አልተኮስኩም፤ እጄን ነው ያወጣሁት። ሱቆችን የሚወርስ ሕግ መጣ፤ እጄን አወጣሁ፤ የአጎቴ የጨርቅ ሱቅ በዚያው ወር ሄደ። ስምዖን የሚባል ጓደኛዬ በሐሰት ተከሰሰ። ንጹሕ መሆኑን እያወቅኩ እጄን አወጣሁ። አሥር ዓመት ታሰረ።"

 ማድረቂያው ውስጥ የአንድ ሰው ቁልፍ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?"

"እንደ ሽማግሌ ነው የምተኛው፤ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣሁ" አሉ። አልሳቁም። እሷም አልሳቀችም። ግን ኮቷን አወለቀች።

ከዚያ የአንድ የቃሪያ መከር ነገር ነገሯት። እንደራሴ ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝብ ይቀበላሉ። ገበሬ ሴቶች ይመጣሉ፤ ከትልቁ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ፤ "ሁሉም መልካም ነው፣ ጓድ እንደራሴ" ይላሉ፤ አመስግነው ይሄዳሉ። መንደሮቹ ውስጥ ግን ለመንግሥት ከሚሰጠው እህል የተረፈ የለም። አንድ መከር ላይ ሴቶቹ በየደጁ ተቀምጠው ትልልቅ ቀይ ቃሪያ ጠብሰው ሲልጡ አገኟቸው። የክረምት ስንቅ ነው። መሐላቸው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው አብረው መላጥ ጀመሩ። ጣታቸው በጥላሸት ጠቆረ። ያን ጊዜ አንዷ፣ ዓይኗን ከቃሪያው ሳታነሣ፣ ሌሊት ስለተወሰደው ስንዴዋ ነገረቻቸው። ከዚያ ሌላዋ። ሦስት ሳምንት ከመንደር መንደር እየዞሩ ቃሪያ ላጡ። የአርባ አንድ ሴቶችን ቃል በአሥራ ዘጠኝ ገጽ ጽፈው ለማዕከላዊው ኮሚቴ ላኩ።

"ከዚያስ?" አለች አክስቴ። ሳታውቀው የፎጣ ክምር ወደ ራሷ ስባ ነበር።

"ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጨዋ ሰው ጠራኝና 'ጓድ አልካላይ፣ ለጤናህ ሞቃት አገር ያስፈልግሃል' አለኝ። አፍሪካ ላኩኝ። አዲስ አበባ ስደርስ ሐምሌ ነበር፤ ያለ ካፖርት መጥቼ ብርዱ ሊገድለኝ።"

አክስቴ ሳቀች። አፏን በፎጣው ጋርዳ፣ ሳትፈልግ ሳቀች።

አዲስ አበባ ላይ ሰባት ዓመት ኖሩ። አማርኛ ያስተማሯቸው አቶ ጋሻው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ሚኒስቴር ጸሐፊ ናቸው፤ "አንተ" የሚለውን ቃል ለውሻ ካልሆነ እንዲጠቀሙበት አልፈቀዱላቸውም። ከዚያ ወደ ሶፊያ ጠሯቸው፤ ምድር ቤት ውስጥ የመዝገብ ክፍል ሰጧቸው። በ1968 የአገራቸው ወታደሮችም ከሌሎቹ የኮሚኒስት አገሮች ጦር ጋር ፕራግን ሊወርሩ ሲገቡ የፓርቲ ደብተራቸውን ፖስታ ውስጥ ከተው መለሱ። በ1973 ኦክላንድ ወዳለችው እህታቸው እንዲሄዱ ለቀቋቸው። እዚህም ቅጹ "ኮሚኒስት ነበሩ ወይ?" ይላል። ሁሉንም ጻፉ፤ ስምዖንንም፣ አጎታቸውንም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ዜግነት ሲጠይቁ "የፓርቲውን ዓላማ ከመጀመሪያውም እንደሚቃወሙ ይግለጹ" ተባሉ።

"እጄን ስላወጣሁበት ቀን እጸጸታለሁ፤ አባቴ በስሙ እንዲጠራ ስለፈለግሁ ግን አልጸጸትም ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ይኸው እስካሁን አሜሪካዊ አይደለሁም። አንሶላ አጣፊ ነኝ።"

ያን ዕለት ስለ ራሷ ምንም አላለችም። የደረደረችውን ፎጣ ግን በእጇ መዳፍ ደልድላ፣ "ጋሼ፣ የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ" አለች። "ጋሼ" ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ነገረቻቸው። እኔ ማድረቂያው አጠገብ መጽሐፍ የማነብ መስዬ ቆሜ ነበር። የእናቴ እህት ናት፤ እጇ ላይ ነው ያደግሁት፤ ግን ታሪኳን አላውቀውም ነበር። ወንድሟን ሲፈልጉት ስላጡት እሷን ወሰዷት። ቀበሌ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል፣ አራት ወር አስቀመጧት። ያለበትን እንድትነግራቸው ውስጥ እግሯን ገረፏት። አልነገረችም፤ እሱን ግን በሌላ መንገድ አገኙት። ከሞተ በኋላ "አሁን አታስፈልጊም" ብለው ለቀቋት። ስትራመድ ወደ ግራ የምታዘነብለው ጫማዋ ጠቧት ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን ምንም አልሆንኩ አሉ?" ሲሉ ሽማግሌው ጠየቋት። በዚያ ዕለት የጠየቁት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

"እሱ ሞቶ እኔ ተረፍኩ እኮ፣ ጋሼ። የተረፈ ሰው ምን ሆንኩ ይላል?"

መጽሐፌን ዘጋሁት። ሳላየው የቆየሁትን የራሴን ሞኝነትም አብሬ ያየሁ መሰለኝ። እኔ ቃሏን ተርጉሜ ነበር፤ እሷን ግን አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌው የአክስቴን ቃል በእንግሊዝኛ በሦስት ገጽ ጻፉ። ግርማ ያለው ቃል የለበትም፤ "አሰቃቂ" የሚል የለበትም፤ "ግፍ" የሚል የለበትም። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤ "ቀደም ብሎ የቀረበው ጽሑፍ የእኔ ታሪክ አልነበረም፤ ሳላነብ ፈርሜዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ባዩ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ጋሽ ኒሲም፣ ይኼማ በገዛ እጅ ገመድ ማጥለቅ ነው! ዋሽቻለሁ ብላ ፈርማ? ዴናይ ያደርጓታል፣ ይከለክሏታል! ቆይ፣ እርስዎ ሲያስተረጉሙ ትንሽ ያሳምሩላት። ማን ያውቅብዎታል? አማርኛ የሚያውቅ እዚያ የለ!"

"እኔ አውቃለሁ" አሉ።

"እርስዎማ ያውቃሉ፤ እኔ የምለው እነሱ…" ባዩ ወደ አክስቴ ዞረ። "አንቺስ ምን ትያለሽ? የልጅሽ ነገር ነው።"

አክስቴ ወረቀቱን በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ፣ "ባዩ፣ ያንተ ኬዝ ውስጥ ተክለጻድቅ የለም" አለችው።

 ባዩ የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና፣ "እሺ፣ ቢያንስ እኔ ልንዳችሁ። በባስ ሄዳችሁ ላብ በላብ ሆናችሁ እንዳትገቡ" አለ።

በግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራታችን በባዩ ታክሲ ኒሚትዝ አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። በስተቀኝ የባሕረ ሰላጤው ውኃ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ተዘርግቷል። ሽማግሌው ለሌጋሲዮን፣ ለኤምባሲው ሥራ፣ ያሰፉትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ጭናቸው ላይ ያረጀ የቆዳ ቦርሳ አለ። ሳን ሆሴ ስንቃረብ የማሸጊያ ፋብሪካ ማማ ሲያዩ ባዩን ትከሻውን ነካ አድርገው፣ "እነሆ፣ እዚህ ቲማቲሙን አሽገውታል። ለመሐንዲሶቹ ቴሌግራም እንላክላቸው" አሉት። አክስቴ ከኋላ ወንበር እየጸለየች ነበር፤ ጸሎቷን አቋርጣ ሳቀች።

ያቺው ኦፊሰር ናት። ቀዩ ሹራብ አሁንም መደገፊያው ላይ ነው። እኔ ግድግዳው ሥር እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ የአስተርጓሚውን መታወቂያ ጠየቀች፤ ካርዳቸውን አገላብጣ አየች።

"ይህን ቋንቋ የት ተማሩት?"

"አዲስ አበባ። የቡልጋሪያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ነበርኩ።"

"የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ?"

"ነበርኩ። ፋይሌ ላይ አራት ቦታ ተጽፏል።"

"ከኮሚኒስቶች ሸሽታ ለመጣች ሴት ሊያስተረጉሙ መጡ ማለት ነው?"

"እሷም ይህንኑ ጠይቃኛለች፤ የሷ ምርመራ ከእርስዎ ይረዝም ነበር።"

ኦፊሰሯ አክስቴን አየች። አክስቴ ምን እንደተባለ ባታውቅም፣ እንግሊዝኛዋን አሰባስባ፣ "ሂ ኢዝ ጉድ" አለች። ኦፊሰሯ ካርዱን መለሰች። ሦስቱን ገጽ አነበበች። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ምን ደረሰብሽ?

ጋሽ ኒሲም ተረጎሙ። አክስቴ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አነባበረች፤ ፈገግ አለች።

"ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

ሽማግሌው ሳያሳምሩ፣ ሳይጨምሩ፣ ልክ እኔ እንዳልኩት በእንግሊዝኛ አሉት።  ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ።

"የአስተርጓሚነት ሥራዬ እዚህ ላይ ነው" አሉ ጋሽ ኒሲም ቀጥለው። "አሁን ግን አንድ ልመና አለኝ፤ የራሴ ነው። ወይዘሮዋ እጃቸው ባዶ ሆኖ ባለሥልጣን ፊት ሲቀመጡ ከማመስገን በቀር ሌላ ማለት ነውር ይሆንባቸዋል። ልብስ እያጠፉ እንዲናገሩ ይፈቅዱላቸዋል?"

"ምን እያጠፉ?"

የቆዳ ቦርሳውን ከፈቱ። የአንድ ዘመን ምሥጢራዊ ደብዳቤ የተመላለሰበት ቦርሳ ነው፤ አሁን ስድስት የታጠቡ ፎጣዎች ወጡበት። የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ ተከመሩ። ኦፊሰሯ ፎጣዎቹን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ማኅተሙን ወደ ዳር ገፋችላቸው።

አክስቴ የመጀመሪያውን ፎጣ አነሣች። ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት። በሁለተኛው ፎጣ ላይ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ፣ "መጋዘኑ መስኮት አልነበረውም" አለች። ጋሽ ኒሲም ተከተሏት። አስተርጓሚ "እኔ" እያለ ነው የሚናገረው፤ እሳቸውም በዚያ በዕድሜ በሻከረ ድምፅ "እኔ" ይላሉ፤ ወንድሜ፣ እግሬ፣ አልነገርኳቸውም። ቀስ እያሉ፣ የአንሶላ ጫፍ እንደሚይዙ፣ እሷ ስትቀርብ ቀርበው፣ ስትርቅ ርቀው። ኦፊሰሯ መጻፍ አቆመች፤ ከዚያ እንደገና በፍጥነት መጻፍ ጀመረች።

ስድስተኛው ፎጣ ታጠፈ። ታሪኩ ግን ገና ተክለጻድቅ ጋ አልደረሰም። አክስቴ ባዶውን ጠረጴዛ አየች። እጆቿ ቀስ ብለው ወደ ጉልበቷ መመለስ ጀመሩ፤ ያቺ ፈገግታዋም አብራ ስትመለስ አየኋት።  ጋሽ ኒሲም ቦርሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ምንም የለም።

ኦፊሰሯ ያን ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞረች። ቀዩን ሹራብ ከወንበሯ መደገፊያ አነሣች፤ አንዱን እጅጌ ወደ ውስጥ ገለበጠችውና በጠረጴዛው ላይ ወደ አክስቴ አንሸራተተችላት።

አክስቴ እጅጌውን አቃንታ አስተካከለች። "ወንድሜን ያገኙት ዓርብ ቀን ነው" አለች።

ደብዳቤው በነሐሴ ደረሰ፤ ተፈቅዷል። ሀረገወይን በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ወር መጣች፤ አሁን አማርኛ እያናገርናት በእንግሊዝኛ ትመልስልናለች፤ ለጋሽ ኒሲም ብቻ በአማርኛ ትመልሳለች፤ "አንቺ" አይሏትማ። ባዩ የጽሕፈት መኪናውን አልሸጠም። ሰው ሲመጣበት ግን፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ" ይላል፤ ከዚያ ልብሱን ይዞ እሑድ ወደ ቴሌግራፍ እንዲሄድ ይመክረዋል። ጋሽ ኒሲም ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እዚሁ ጎረቤት ከተማ አልባኒ በሚገኝ አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ዜግነት አሁንም የላቸውም፤ እሑድ እሑድ ግን ከረባታቸውን አስረው በባስ ይመጣሉ።

ደብዳቤው በደረሰ በመጀመሪያው እሑድ አክስቴ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ገዝታላቸው ሄደች። እኔም የምስጋና ግጥም ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። አክስቴ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ብድርዎን…" ማለት ስትጀምር፣ ሽማግሌው የአንሶላውን አንድ ጫፍ ዘረጉላትና አቋረጧት።

"ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ እግርዎ እንዴት ነው?"

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ ያ የለመደችው መልስ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ከዚያ የአንሶላውን ጫፍ ተቀበለች፤ ጨበጠችው።

"ዛሬ አሞኛል" አለች። "ግራው በተለይ፤ ከተረከዜ ነው የሚጀምረው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ጠዋት። ደረጃ ስወጣ ነው የሚብስብኝ።"

"ይቀመጡ እንግዲህ" አሉ፤ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን በርጩማ በእግራቸው ስበው አቀረቡላት።

አክስቴ ተቀመጠች። አንሶላውን በጭኗ ላይ አጠፈችው። ከዚያ፣ ሁሉንም ከተናገረች በኋላ፣ "ተመስገን" አለች።

ግጥሙን ከኪሴ አላወጣሁትም።